ተኳሽ ከመቅጠራችሁ በፊት የበዓሉን ሆድ ዕቃ አንሱልን

ለኢትዮጵያ ዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን
ለአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር
ለሸገር ከተማ አስተዳደር

ጉዳዩ፦ በከተማው ዳርቻ ስለበዛው ጅብ፣ ስለ አደንና ስለ ነብር

ክቡራን፣

የምጽፍላችሁ ከእንጦጦ ጀርባ፣ ከሱሉልታ በኩል ነው። ላም አረባለሁ፣ ወተት አስረክባለሁ። ከመሸ በኋላ ደግሞ እንደ ጎረቤቶቼ ሁሉ ጆሮዬ ወደ በረት ነው።

ጅብ በዝቷል። ይህን የሚክድ ሰው በሰፈራችን አላገኘሁም። ጥጃ ተበልቷል፣ አህያ ተበልቷል። አምሽቶ ከታክሲ የወረደ ሰው ብቻውን ወደ ቤቱ መሄድ ይፈራል። የእኔም በረት ተነክቷል። ስለዚህ ይህን ደብዳቤ በረንዳ ላይ ቡና እየጠጣ ስለ ተፈጥሮ ፍቅር የሚሰብክ ሰው ጻፈው እንዳትሉ።

ሰሞኑን በሰፈር ስብሰባ ላይ ነገሩ ተነሣ። ግማሹ ሰው «ተኳሽ ይቀጠርልን፣ ይለቅ» አለ። በተለይ ወጣቶቹ ደግሞ «ተፈጥሮ ራሷ ታመጣጥነዋለች፣ አትንኩ» አሉ። ከኋላ የተቀመጡ ሰዎች ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው መርዝ ይሻላል ሲሉ ሰምቻለሁ። ስብሰባው ሳይስማማ ተበተነ፤ የተኳሹ ጥያቄ ግን በማመልከቻ ሆኖ ወደ እናንተ እየመጣ ነው። ከመድረሱ በፊት እኔም የበኩሌን ልበል።

መጀመሪያ ለወጣቶቹ። ተፈጥሮ ታመጣጥነዋለች የሚለው ነገር በሰፊው ዱር ውስጥ እውነት አለው። እዚያ ጅብን አንበሳ ይገድለዋል፣ ረሃብ ይገድለዋል፣ የሌላ መንጋ ጅብ ይገድለዋል። በሱሉልታ፣ በቡራዩ ወይም በለገጣፎ ግን አንበሳ የለም። ጅብን የሚበላ አውሬ በአካባቢያችን የለም። ታዲያ ቁጥሩን የሚወስነው ምንድን ነው? የሚያገኘው ምግብ ነው። ምግቡን የምናቀርበው ደግሞ እኛ ነን።

የፋሲካን ማግስት አስቡት። በየሰፈሩ ቅርጫ ይታረዳል። በየግቢው በግ ይታረዳል። ሥጋው ይከፋፈላል፣ ፈርሱና አንጀቱ ግን በጆንያ ታስሮ ቦይ ውስጥ ይጣላል። ድሮ ቆዳው ዋጋ ነበረው። ቆዳ ሰብሳቢው በየሰፈሩ እየጮኸ ይዞር ነበር፣ እኛም ጨው ነስንሰን እንጠብቀው ነበር። አሁን የቆዳ ዋጋ ወድቆ ቆዳውም ከአንጀቱ ጋር ይጣላል። የቆሻሻ ሰብሳቢ ማኅበራት ልጆች እነሱም በዓል አላቸውና በነዚያ ቀናት አይመጡም። ሲመጡም እንደ እኛ ያለው ዳር ሰፈር የመጨረሻው ተራ ነው። ሌሊቱን አያ ጅቦ ይመጣል፣ ይበላል፣ ግልገሎቹን ይዞ ይመለሳል። ገና ላይም እንዲሁ ነው፣ እንቁጣጣሽ ላይም እንዲሁ። በመሐሉ ደግሞ ያረጁ የጋሪ ፈረሶችና ጀርባቸው የቆሰለ አህዮች አሉ። ባለቤቶቻቸው ማታ አውጥተው ሜዳ ላይ ይተዋቸዋል። ለባለቤቱ ወጪ መቀነስ ነው። ለጅቡ ራት ነው። የሚቀጥለው ሌሊት የሚመጣው ጅብ ያችኑ አህያ ፍለጋ መጥቶ የእኔን በረት ያገኛል።

አሁን ሰፈሩ ተሰብስቦ ተኳሽ የሚጠራው በዚህ ሁሉ መሐል ነው። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይህ ነው።

ይህን ከራሴ ብቻ አይደለም የምለው። በትግራይ፣ የመቀሌ ዩኒቨርሲቲው ተመራማሪ ዶክተር ግደይ ይርጋና ባልደረቦቹ ጅብ የሚበላውን ነገር በዝርዝር አጥንተዋል። ከኩሱ ውስጥ ፀጉር እየለቀሙ የማን ፀጉር እንደሆነ ይለዩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2012 ባሳተሙት ጥናት ያገኙት ነገር እስካሁን ያስገርመኛል። በሁዳዴ ጾም 55ቱ ቀናት ሥጋ ቤት ይዘጋል፣ እርድ ይቀራል፣ የሚጣል ሥጋና አጥንት ይጠፋል። ጅቦቹ ታዲያ አብረው አልጾሙም። ወደ አህያ ዞሩ። በኩሳቸው ውስጥ የሚገኘው የአህያ ፀጉር ድርሻ ከጾሙ በፊት ከነበረው ከእጥፍ በላይ ሆነ። ጾሙ ሲፈታ እንደገና ቀነሰ።

ከዚህ ጥናት ሁለት ነገር ይወጣል። አንደኛው ግልጽ ነው፤ ጅቡ የሚኖረው በእኛ ጓሮ ነው፣ የበዓል አቆጣጠራችንን ያውቃል ማለት ይቻላል። ሁለተኛውን ግን በስብሰባችን ላይ ማንም አላነሣውም፣ እናንተም እንዳትዘነጉት እፈራለሁ። ቆሻሻውን ዛሬ ድንገት ብትዘጉት የተራበው ጅብ ነገ በረት ይገባል። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው። በረቱ ይቅደም። ጅብ አጥር ሥር ቆፍሮ ይገባልና የበረቱ መሠረት በድንጋይ ይደርደር፣ በሩ በቆርቆሮ ይለበጥ፣ አህያ ውጭ አይደር። ይህ ለብዙ ሰው ከባድ ወጪ አይደለም፤ አቅም ለሌላቸው ግን ወረዳው ድንጋይና ቆርቆሮ ቢያግዝ ተኳሽ ከመቅጠር ይረክሳል። ከዚያ በኋላ የእርድ ቆሻሻው ይነሣ። ጠመንጃው ከሁሉም በኋላ የሚመጣ ነገር ነው። ይህን ቅደም ተከተል ገልብጣችሁ፣ ይባስ ብሎ በሁዳዴ መሐል ብትጀምሩት፣ የምንከፍለው እኛ ነን።

ጠመንጃው ብቻውን ሲመጣ ምን እንደሚሆን እኮ አይተናል። በ2006 ዓ.ም. በአዲስ አበባ መሐል ባዶ ቦታ ላይ የሠፈሩ ጅቦች በአነጣጥሮ ተኳሾች ተመትተው አሥር ያህል ተገድለዋል። ዛሬ በከተማው ጅብ ጠፍቷል የሚል ሰው ካለ አንድ ሌሊት እኛ ጋ መጥቶ ይደር።

ምክንያቱ ከጅብ ኑሮ ይመነጫል። የጅብ መንጋ በሴቶች ነው የሚመራው። ሴቷ ከወንዱ ትበልጣለች፣ ብዙ ጊዜ ሁለት ትወልዳለች፣ ከዓመት በላይም ታጠባለች። ወንዶቹ ሲጎለምሱ ከተወለዱበት መንጋ ወጥተው ሌላ ቦታ ይፈልጋሉ። እንግዲህ የአንድን ሰፈር መንጋ በጥይት አሳሳችሁ እንበል። ምግቡ እዚያው አለ። ቦታው ክፍት ነው። ከወዲያኛው ተራራ ቦታ ፍለጋ የወጡት ይገቡበታል። ተኳሹ ሂሳቡን ተቀብሎ ሄዷል። በሚቀጥለው ዓመት ማመልከቻው እንደገና ይጻፋል። (በነገራችን ላይ ጅብ በተገደለ ቁጥር ቆዳውንና ጥርሱን ለመድኃኒት ነው እያለ የሚከፍል ሰው አይጠፋም። አንዴ ገበያ ከተፈጠረ አደኑ ከእናንተም ቁጥጥር ይወጣል።)

አደንን በጭፍን አልጠላም። በአሜሪካ አጋዘን ሲበዛ አዳኝ ፈቃድ ገዝቶ ያድናል፣ ሥጋውን ቤተሰቡ ክረምቱን ይበላዋል። እ.ኤ.አ. ከ1937 ጀምሮ ደግሞ ከጠመንጃና ከጥይት ሽያጭ የሚሰበሰብ ቀረጥ ለዱር እንስሳት ጥበቃ ይውላል። አዳኙ ይከፍላል እንጂ አይከፈለውም። ሥርዓቱ የሚሠራው በዚህ ምክንያት ነው። እኛ ጋ ግን ጅብ የሚበላ ሰው የለም። ከርከሮም ቢሆን ክርስቲያኑም እስላሙም አይነካውም። ለጅብ ፉከራ የሚፎክር፣ ግዳይ ጣልኩ ብሎ ጎፈር የሚያስር ጀግናም የለም። ስለዚህ በዚህ ዳርቻ አደን ማለት በየዓመቱ ከበጀት የሚከፈልበት፣ መጨረሻ የሌለው ሥራ ነው። በባሌና በአርሲ ተራሮች በኮታ የሚፈቀደው የደጋ አጋዘን አደን ሌላ ነገር ነው፤ ከውጭ የመጣ ሰው በዶላር ይከፍልበታል። ለሱሉልታ ጅብ በዶላር የሚከፍል አዳኝ ካገኛችሁ ግን እኔም ደስ ይለኛል፣ ንገሩኝ።

ከርከሮን ካነሣሁ ወደ ነብሩ ልምጣ። አውሬ ያመጣጥነዋል የሚለው የወጣቶቹ ክርክር ለጅብ ባይሠራም ለከርከሮና ለዝንጀሮ በደንብ ይሠራል። ድንቹን የሚቆፍረው ከርከሮ፣ ገብሱን የሚገሸልጠው ዝንጀሮ የሚፈራው አንድ እንስሳ አለ፤ እሱም ነብር ነው። በእንጦጦ ሸንተረርና በመናገሻ ሱባ ጫካ አሁንም ነብር አለ። የመናገሻ ሱባ ደን በዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን ከሰሜን ሸዋው የወፍ ዋሻ ደን በመጣ የጥድ ዘር እንደተተከለ ይነገርለታል፤ ዛሬም ድኩላና ጉሬዛ ይዟል። ነብሩ የሚኖረው በእነሱ ነው። ነብር ያለበት ጫካ ውስጥ ዝንጀሮ እንደልቡ ሜዳ ላይ አይውልም። የሚበላው ብዙ ባይሆን እንኳ ፍርሃቱ ይሠራል።

ነብር ሲጠፋ የሚሆነውን ጋናዎች አይተውታል። አንበሳና ነብር ከፓርኮቻቸው ሲመናመኑ ዝንጀሮ በዛ፣ ወደ እርሻ ወረደ። ገበሬዎች ሰብል የሚጠብቅ ሰው አጥተው ልጆቻቸውን ከትምህርት ቤት ማስቀረት ጀመሩ። ይህን የምታነቡ የገጠር ልጆች፣ ማማ ላይ ቁጭ ብሎ ወንጭፍ እያጮኹ መዋልን ታውቁታላችሁ።

ከተማ ዳር ነብር መኖሩ የሚያስደነግጠው ሰው የሕንዷን የሙምባይን ነገር ይስማ። በዚያ ትልቅ ከተማ ጥግ ሳንጃይ ጋንዲ የሚባል 104 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሆን ብሔራዊ ፓርክ አለ። ወደ 35 ነብሮች ይኖሩበታል። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ ጥናት እንደገመተው እነዚህ ነብሮች በዓመት ወደ 1,500 የሚጠጉ ባለቤት የሌላቸው ውሾችን ይበላሉ፤ በዚህም 1,000 ያህል የውሻ ንክሻ ያስቀራሉ። ነብር በዚያ ሰው የጎዳበት ጊዜም አለ፣ አልደብቅም። ግን የእብድ ውሻ በሽታ ባለበት አገር የውሻ ንክሻ መቀነስ ምን ማለት እንደሆነ እናንተ ከእኔ በላይ ታውቃላችሁ።

እዚህ ላይ ወጣቶቹ የሚወዱትን የየሎውስቶንን ታሪክም ላንሣ፤ ስብሰባው ላይ ስንት ጊዜ ተጠቀሰ መሰላችሁ! በአሜሪካው ፓርክ ተኩላ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ተጨርሶ ጠፋ። ኤልክ የሚሉት ትልቁ አጋዘን በዛ፣ ሣርና ቁጥቋጦውን ጨረሰ። እ.ኤ.አ. በ1995 እና በ1996 ከካናዳ 31 ተኩላዎች መጥተው ተለቀቁ። አጋዘኑ ቀነሰ። ተኩላው ብዙ ጊዜ የሚይዘው ጥጃውን፣ ያረጀውንና የደከመውን ነው፤ አዳኝ ግን ጥሩውን፣ በመውለጃ ዕድሜው ላይ ያለውን ይመታል። እስከዚህ ወጣቶቹ ልክ ናቸው። ነገር ግን አጋዘኑን የቀነሰው ተኩላ ብቻ አልነበረም። ድብም፣ ከፓርኩ ውጭ ያሉ አዳኞችም፣ ድርቅም ነበሩበት። ደግሞም ያ ፓርክ ከእኛ ተራራ ጋር አይወዳደርም፤ ሰፊ ነው፣ ቅርጫም አይታረድበትም።

አሁን ወደ መርዙ። እለምናችኋለሁ፣ ይህንንስ ጨርሶ አትስሙት። በሬሳ ላይ የተደረገ መርዝ ጅቡን መርጦ አይገድልም። ጥንብ አንሳው ይሞታል፣ ቀበሮው ይሞታል፣ የጎረቤት ውሻ ይሞታል፣ ነብሩም ሊሞት ይችላል። የአፍሪካ ጥንብ አንሳዎች በርካታ ዝርያዎች ከምድር ለመጥፋት ጫፍ ላይ ናቸው፤ ዋናው ገዳያቸውም መርዝ ነው። ሕንድ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ጥንብ አንሳዋን ያጣችው ለከብት በሚሰጥ ዲክሎፌናክ በሚባል የሕመም ማስታገሻ ነበር። በአንዳንድ ዝርያዎች ከመቶ ከ90 በላይ አለቀ። ሬሳው ሜዳ ላይ ቀረ። ውሻ በዛ። መድኃኒቱ ለከብት እንዳይሰጥ እ.ኤ.አ. በ2006 ሲከለከል ጉዳቱ ደርሶ ነበር። እኛም ጋ ጅቡ ጠፍቶ ቆሻሻው ከቀረ ወራሹ ውሻ ነው።

ጅቡ ራሱ እኮ ሥራ ይሠራል። በመቀሌ ዙሪያ የተሠራ ሌላ ጥናት ጅቦች በዓመት 207 ቶን የሚሆን የእንስሳት ሬሳና ተረፈ ሥጋ እንደሚያስወግዱ ገምቷል። በዚህም አባሰንጋና የከብት ቲቢ ወደ ሰውና ወደ ከብት እንዳይዛመት ያግዛሉ። ስለዚህ እኔ ጅብ ይጥፋልኝ አልልም። ከደጄ ይራቅልኝ፣ ቁጥሩም እኛ ካበዛነው ወደ ልኩ ይመለስ ነው የምለው።

የምጠይቃችሁ ይህ ነው። በመጀመሪያ ቁጠሩልን። ተመራማሪዎች ሌሊት በድምፅ ማጉያ የጅብና የሚታደን እንስሳ ድምፅ እያሰሙ የሚመጣውን ጅብ ይቆጥራሉ፤ ዘዴው በአገራችን ተሠርቶበታል። በጋው ለዚህ ይመቻል። ስንት እንደሆነ ሳይታወቅ ስንት እንደሚገደል የሚወስን ሰው በምን ስሌት ነው? ከፋሲካ በፊት ደግሞ በየቀጠናው የእርድ ጉድጓድ ይቆፈር፣ ኖራ ይቅረብ፣ ቆዳ የሚቀበል አንድ ቦታ ይኑር። ቆሻሻ ሰብሳቢዎቹ ልጆች በበዓል ማግስት ለሚሠሩት ተጨማሪ ይከፈላቸው። ከተኳሹ አበል ያንሳል ብዬ እገምታለሁ። ሥጋ ቤቶች ክዳን ያለው በርሜል ይኑራቸው። ፈረስና አህያ አውጥቶ የሚጥል ሰው ይቀጣ፤ ያረጀውን እንስሳ ተቀብሎ ሳያሠቃይ የሚያስወግድ ባለሙያም ይመደብ።

ሰው የለመደና ቀን በቀን መንደር የሚገባ፣ ወይም የእብድ ውሻ በሽታ የያዘው የሚመስል ጅብ ሲኖር ግን አትዘግዩ። ያን ጊዜ ጠመንጃ ያስፈልጋል። ያን አንዱን የሚለይ፣ የሠለጠነ፣ ፈቃድ ያለው ባለሙያ ይምጣ። ናሙናውም ይመርመር። ያለ ፈቃድ ማደን በአገሪቱ የዱር እንስሳት ሕግ የተከለከለ ነው፤ ሰው ተስፋ ቆርጦ ሕጉን በራሱ እጅ የሚወስደው ግን የሚጠራው ሲያጣ ነው። እኔ በረቴ በተነካ ሰሞን ከቢሮ ቢሮ ስላክ ከረምኩ፤ አንዱ የእርሻ ነው ሲለኝ ሌላው የፖሊስ ነው አለኝ። የመጡትም ጅብ ከሄደ በኋላ ነው፤ ቀሪውን ተረቱን ታውቁታላችሁ።

በእንጦጦና በመናገሻ ያለውን ወጥመድም አስነሡ። ለድኩላ ተብሎ የሚጠመደው ሽቦ ነብር ይይዛል። አንድ ነብር በወጥመድ ሲሞት የከርከሮ ማመልከቻ ከዓመት በኋላ ጠረጴዛችሁ ላይ ይደርሳል።

ከመጪው ሁዳዴ በፊት የበረቱ ነገር እንዲጀመር እጠብቃለሁ፤ ከሁሉ በፊት ግን የሚቀለው ስልክ ነው። ሌሊት ጅብ በረት ሲገባ የሚነሣ አንድ ቁጥር ይኑር። ቁጥሩን በወረዳው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ለጥፉት፤ በእድር ማስነገሩን እኔ እወጣዋለሁ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
አንድ የሱሉልታ ላም አርቢ